የፍራፍሬው ሳልሳ ለምን ውሃ ሆነ? ቺፕሱስ ለምን ለዘዘ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የወንድሜ ምርቃት ደሴ እናታችን ቤት ይደገሳል። ለ20 ሰው የፍራፍሬ ሳልሳ ከጣፋጭ ቺፕስ ጋር ላቀርብ አስቤ ባለፈው እሑድ ለሙከራ ለ6 ሰው ሠርቼ ወሰድኩ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሐብሐብና ሙዝ ከትፌ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምሬ ማታውኑ ፍሪጅ አስገባሁት። ቺፕሱን ስኳርና ቀረፋ ነስንሼበት በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋገርኩና ትኩሱን በላስቲክ ቋጠርኩት። ጠዋት ደሴ ስደርስ ሳልሳው በውሃ ተንሳፏል፣ ሙዙ ጠቁሯል፣ ቺፕሱ ለዝዟል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እንጀራ ምጣዴን እየያዘ አስቸገረኝ። ኦቭን የለኝም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ እህታችን፣ ለወንድምዎ ምርቃት እንኳን ደስ አላችሁ። ከጠቀሷቸው አራት ችግሮች ትልልቆቹ ሁለቱ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውሃ ያለቦታው ገብቷል። ከፍሬው ወጥቶ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ተጠራቀመ፤ ከቺፕሱ በእንፋሎት ወጥቶ ላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ተመልሶ ቺፕሱን አራሰው። ሙዙና ምጣዱ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ እንደርስባቸዋለን።

በመጀመሪያ ስሙ ግር እንዳይል። ደሴ ሱቅ ገብቶ «ሳልሳ» ያለ ሰው የሚሰጠው በቆርቆሮ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ነው። ይኼኛው የሜክሲኮዎቹ ሳልሳ ነው። ቃሉ በስፓኒሽ ስጎ ማለት ሲሆን፣ ጥሬ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠልና ሎሚ ተከትፎ የሚሠራው ዓይነት ለእኛ የቲማቲም ሰላጣ የሥጋ ዘመድ ነው። የፍራፍሬው ሳልሳ ቲማቲሙን በፍሬ ይተካል እንጂ ጠባዩ ያው ነው፤ ተከትፎ፣ ጎምዝዞ፣ ትንሽ ለብለብ አድርጎ በቁራጭ ቂጣ የሚዛቅ ምግብ ነው። በስኳር የሚለወስ ከሆነ ጁስ ቤት የሚሸጠው የፍራፍሬ ፓንች ይሆናል፤ ያ በማንኪያ ይበላል፣ ቺፕስ አይፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርማት፦ ስኳሩ በሙሉ ወደ ቺፕሱ ይሂድ፤ ፍሬው ላይ አንድም ማንኪያ አይግባ። ስኳርና ጨው የተቆረጠ ፍሬ ላይ ሲያርፉ ከውስጡ ውሃ ይስባሉ። ቀይ ሽንኩርት ከትፎ ጨው የነሰነሰ ሁሉ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ያየው ነገር ነው። እርስዎ ደግሞ 4 ማንኪያ ስኳር ጨምረው ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ሰጡት። በዚያ ላይ ሐብሐብ ከ100 እጅ 92ቱ ውሃ ነው፤ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ቢላ ሲነካው ይፈርሳል። ማንጎ 83 አካባቢ፣ ፓፓያ 88፣ አናናስና ፖም 86 ገደማ ናቸው። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዋናው ግን ውሃውን አጥብቆ የሚይዝ ጠንካራ ሥጋ መኖሩ ነው። ፖም 86 እጅ ውሃ ይዞ ኩርሽም ይላል፣ ሐብሐብ ይፈሳል። ሐብሐቡን ለብቻው ቆርጠው ያቅርቡት፤ ሳልሳ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ሙዙን በተመለከተ፣ የተቆረጠ ሙዝ አየር ሲነካው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ያጠቁረዋል። ሎሚ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በዚያ ላይ ሌሎቹን ፍሬዎች እየለሰነ ሳልሳውን ገንፎ ያስመስለዋል። ይቅር።

ለ20 ሰው በነፍስ ወከፍ 100 ግራም ቢታሰብ ተከትፎ ያለቀለት 2 ኪሎ ፍሬ ያስፈልጋል። አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን ይስማማል፦ ማንጎ 800 ግራም፣ ፓፓያ 500 ግራም፣ አናናስ 400 ግራም፣ ፖም 300 ግራም። ይህ የተላጠውና የተከተፈው ክብደት ነው። ሲገዙ ማንጎ 1 ኪሎ ተኩል ያህል፣ ፓፓያ 800 ግራም፣ አናናስ 1 መካከለኛ፣ ፖም 2 ትላልቅ ይያዙ፤ ከማንጎ ልጣጩና ፍሬው፣ ከአናናስ ቅርፊቱና እምብርቱ ብዙ ይወስዳሉ። በክረምት ከሆነ ፖሙን በደጋ ኮክ ይተኩት፤ ጠጠር ያለው ኮክ ከፖምም ይሻላል፣ መዓዛ አለውና። የቁልቋል በለስ ያምራል፣ ግን ዘሩ ጥርስ ይሰብራል፤ ከወደዱት በወንፊት ተጨቁኖ ጭማቂው ብቻ ከላይ ጠብ ይበል።

በዚህ ላይ የ4 ሎሚ ጭማቂ (4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ ፍሬዋ የወጣላት 1 ቃሪያ በደቃቁ የተከተፈች፣ 20 ቅጠል ናና እና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቃሪያዋን የሚፈራ እንግዳ ካለ ግማሿን ያድርጉ፤ ፈጽሞ አይተዋት ግን። ጣፋጭ ቺፕስ ላይ ጣፋጭ ፍሬ ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይሰለቻል።

ፍሬ ሲመርጡ ለጁስ የሚሆነው ለሳልሳ እንደማይሆን ያስቡ። ጁስ ቤት የሚወደደው ማንጎ ጣት ሲጫነው ጎድጎድ የሚለው ነው። የእርስዎ ማንጎ ሲጫኑት ትንሽ የሚሰጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ፣ በእጀታው በኩል ሲሸተት መዓዛ ያለው ይሁን። ፓፓያው ሁለት ሦስተኛው ቢጫ የሆነ፣ ቀሪው ገና አረንጓዴ። አናናስ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም፣ ይለሰልሳል እንጂ። ስለዚህ ሥሩን አሽትተው መዓዛ ከሌለው አይግዙት፤ «ቤት ይበስላል» የሚል ነጋዴ አይመኑ። ማንጎና ፓፓያ ቤት ይበስላሉ። ጥሬ ከሆኑ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ይቆዩ፤ ሙዙ የሚተነፍሰው ጋዝ ያፈጥናቸዋል። ይህን ኮምቦልቻ ሳሉ ይጨርሱት። ያልበሰለ ማንጎ ከ12 ወይም 13 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ከመታው ቆዳው ይጠቁራል፣ ሥጋውም ጣዕም ሳያወጣ ይቀራል፤ የደሴ ሌሊት ደግሞ ለዚህ በቂ ነው፣ ፍሪጅም እንዲሁ። በወልድያ መንገድ ከመርሳና ከሐይቅ አካባቢ የመጣ ማንጎ ደሴ ላይ ቢያገኙም ጠጠር ካለ ሞቅ ያለ ጓዳ ውስጥ እንጂ መስኮት ሥር አያስቀምጡት።

ፍሬው ከመላጡ በፊት ይታጠብ፤ ቢላ ልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። ናናው ጥሬ ስለሚበላ የመጨረሻው እጣቢ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል 1 ደቂቃ ይበቃታል። ናናው ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ይድረቅ፣ እርጥብ ቅጠልም ውሃ ነው።

አከታተፉ ላይ ቢላው ይሳል። ደነዝ ቢላ ፍሬውን ይደፈጥጠዋል፣ የተደፈጠጠ ፍሬ ደግሞ ወዲያው ያነባል። መጠኑ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ትንሽ የበለጠ፣ የበሰለ ሽምብራ የሚያህል ይሁን። ከዚያ ከተለቀ ቺፕሱ ላይ አይቀመጥም፣ ይንከባለላል፤ ካነሰ ይላቁጣል። በመጀመሪያ ፖሙን ከትፈው ወዲያው ሎሚው ውስጥ ይክተቱ። ቀጥሎ አናናስ፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ መጨረሻ ፓፓያ፤ ከሁሉ ቶሎ የሚፈርሰው እሱ ነው።

አናናሱን፣ ማንጎውንና ፓፓያውን ለየብቻ ማጥለያ ላይ 15 ደቂቃ ያስቀምጧቸው። ከሥር የሚወርደው ጭማቂ እንዳይደፋ። ትንሽ ድስት ውስጥ በቀስታ እሳት እስኪወፍር ድረስ ያፍሉት። አንድ ሲኒ ወደ ሁለት ማንኪያ ሲወርድ ማር መስሎ ይወፍራል። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ወደ ሳልሳው ይመልሱት። ጣዕሙ ተመለሰ፣ ውሃው ቀረ። ስኳር ያልጨመርንበት ሳልሳ ጣፋጭነቱን የሚያገኘውም ከዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይኼ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉ ይህን አይዝለሉ።

ጨው፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ናና የሚገቡት እንግዳ ሊቀርብ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እርጎ ወይም ክሬም ከላይ ለማድረግ የሚያስብ ካለ ይከልክሉት፤ ጥሬ ፓፓያና አናናስ የወተትን ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላላቸው ቆይቶ ይመርራል።

ወደ ቺፕሱ እንሂድ። ለአንድ ሰው 7 ቁራጭ ቢታሰብ 140 ነው። 600 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከ280 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይያዙ። ዘይቱ መጀመሪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር በጣት ይታሽ፣ ውሃው ኋላ ይግባ። ዘይት የለበሰ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ የሚያወጣው ድር አጭር ይሆናል፤ ስለዚህ ቺፕሱ እንደ ቆዳ አይለጠጥም፣ ይሰበራል። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም አይገባበትም፤ ከገባ ተነፍቶ ዳቦ ይሆናል። 8 ደቂቃ አሽተው፣ ሸፍነው 30 ደቂቃ ያሳርፉት። ለ18 ይከፋፍሉት፣ እያንዳንዱ 54 ግራም ያህል ይመጣል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት እስኪኖረው ይዳምጡት፤ ውፍረቱ ያኔ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሲዳመጥ ወደ ኋላ የሚሰበሰብ ከሆነ ዱቄት አይጨምሩበት፤ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ ራሱ ይታዘዛል። ውፍረቱ ላይ አይደራደሩ፤ ወፍራም ቂጣ ውስጡ ሳይደርቅ ውጭው ይጠቁራል፣ ያ ውስጥ የቀረ እርጥበት ነው ማታ ማታ ቺፕሱን የሚያለዝዘው።

መጋገሩ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ምጣዱ በደንብ ሲግል ቂጣውን በእያንዳንዱ በኩል 30 ሰከንድ ብቻ፤ ነጭ ሆኖ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሲያወጣ ይነሳ። ደርድረው በንጹህ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ገና ለስላሳ ሳለ እያንዳንዱን በመቀስ 8 ቦታ ይቁረጡት። ሁለተኛው ማድረቅ ነው። ምጣዱን ዝቅ አድርገው (ማስተካከያ ከሌለው አጥፍተው 2 ደቂቃ ጠብቀው) ቁራጮቹን ሳይደራረቡ ይዘርጉ። አክንባሎ አይከደንም፤ ከከደኑት እንፋሎቱ መልሶ ያረሰዋል። በ5 ደቂቃ ይገልብጡ፣ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ለጥቂት ደቂቃ አብርተው ያጥፉ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀለል ያለ ወርቃማ መልክ ይይዛል። እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ የሚቀረው ሙቀትም ለዚህ ሥራ ደህና ነው። መድረሱን ለማወቅ አንዱን አውጥተው 2 ደቂቃ ያቀዝቅዙና ይስበሩት፤ ቀጭ ማለት አለበት። ትኩስ ሳለ ሁሉም ይተጣጠፋል፣ በዚያ አይፍረዱ።

ምጣዱ ላይ የደረሰው ጉዳት እዚህ ጋ ነው። ስኳሩን ቂጣው ምጣድ ላይ እያለ ስለነሰነሱት ቀልጦ ሸክላው ላይ አርሯል፤ በጎመን ዘር ታስሶ የኖረ ገጽ ላይ ያረረ ስኳር ሲለጠፍ እንጀራው የሚይዘው ለዚህ ነው። ያረረውን በእንጨት ነገር ፍቀው፣ ምጣዱን አግለው የተፈጨ ጎመን ዘር ነስንሰው በማሰሻ ይሹት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት። ለወደፊቱ ቺፕሱ ምጣዱ ላይ የሚደርቀው ያለ ስኳርና ያለ ቅቤ፣ ባዶውን ነው።

ስኳሩ የሚለብሰው ከወረደ በኋላ ነው። 120 ግራም ቅቤ ቀልጦ፣ አረፋውና ከሥር የተኛው ውሃ ቀርቶ ጥሩው ብቻ ይወሰድ፤ ለጋ ቅቤ ከመቶ 16 እጅ ያህል ውሃ አለውና እንዳለ ከተቀባ የደከምንበትን ያረሰዋል። ለወጥ የተነጠረውን ግን አይንኩ። ኮረሪማ፣ በሶብላና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ቺፕሱን ክትፎ ክትፎ ያሸተዋል። ቀኑ ጾም ከሆነ ሽታ የሌለው ዘይት ይበቃል፣ መጠኑን በሩብ ይቀንሱ። 150 ግራም ስኳር ሙቀጫ ውስጥ አድቅቀው ከአንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቀረፋና ከቁንጥር ጨው ጋር ያዋህዱ። የእኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ሳይወቀጥ ከነሰነሱት ሳህኑ ሥር ይቀራል። ሄል የሚወድ ቤተሰብ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ይጨምሩ፤ ከማንጎ ጋር ከቀረፋ የበለጠ ይስማማል ብንል አይጋነንም። ቺፕሱን በትኩስ ቅቤ በስሱ ቀብተው ወዲያው ስኳሩ ላይ ያንከባልሉት። ቅቤው ሲረጋ ስኳሩን ይዞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ድካም የማይመች ከሆነ የሳምቡሳ ሊጥ አለ፤ በረመዳን ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ስስ ቂጣ። እሱን ሦስት ማዕዘን ቆርጠው በ175 ዲግሪ ዘይት ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይጥበሱት። ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣል ያድርጉ፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ አረፋ ከቦት ከወጣ ደርሷል። ድስቱን አይሙሉት፤ ዘይቱ ይበርድና ቺፕሱ ይጠጣዋል። ወንፊት ላይ አጥልለው፣ እዚያው የሚበላ ከሆነ ዘይቱ መንጠባጠቡን ሲያቆም ግን ሞቅ እንዳለ ስኳሩን ያልብሱት፣ ቅቤ አያስፈልገውም። ከምጣዱ ቺፕስ ይልቅ ቀላልና ተሰባሪ ነው፤ ለ20 ሰው ከሆነ እኛ ይህን እንመርጣለን። ድርቆሽ አይሆንም ወይ ለሚል፦ ጎምዛዛነቱ ከቀረፋ ጋር አይጠላም፣ ግን ዓይኑ ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ ሳልሳው በነካው በደቂቃ ውስጥ ፍትፍት ይሆናል።

አሁን መንገዱ። ትኩስ ቺፕስ በላስቲክ ተቋጥሮ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ የታፈነው እንፋሎት የደሴ ብርድ ሲነካው ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሁለተኛ፣ 650 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ የውጩ አየር ግፊት ስለሚቀንስ በጥብቅ የታሰረ ላስቲክ ይነፋል፣ ቋጠሮው ይላላል፣ ክረምት ከሆነ የደሴ ጉም ይገባበታል። ስለዚህ ባዶውን የደረቀ ቺፕስ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ቢያንስ 1 ሰዓት ያቀዝቅዙ፣ ከዚያ ወረቀት በተነጠፈበት ክዳኑ ግጥም የሚል የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያሽጉት። ስኳሩንና ቅቤውን ለብቻ ይያዙ፤ ስኳር ራሱ ከአየር እርጥበት ይስባልና ቅቡ ደሴ ላይ ይሁን። የሳምቡሳውም ከሆነ ሳይለብስ ይሂድ፤ ደሴ ላይ በጥቂት ቅቤ ይለብሳል። ቢለዝዝ እንኳ ያልለበሰ ቺፕስ ሞቅ ባለ ምጣድ ላይ በ4 ደቂቃ ይመለሳል። ስኳር የለበሰው ግን እንዲህ አይመለስም።

ፍሬውን ሳይቆረጥ ይዘው ይሂዱ። እንግዳ በ7 ሰዓት ከሆነ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ይከተፍ፣ ከ5፡45 ገደማ ይጥለል፣ የተጠለለው ፍሪጅ ይቆይ፣ ጭማቂው ይትከን፣ ቺፕሱ በ6፡15 ይለብስ፣ ሳልሳው በ6፡40 ይቀላቀል። በአንድ ትልቅ ሳህን ፋንታ በሁለት መካከለኛ ሳህን ያቅርቡት፤ አንዱ ገበታ ላይ፣ ሁለተኛው ፍሪጅ ውስጥ። የተቆረጠ ፍሬ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሳልሳው ላይ ማንኪያ ይቀመጥበትና እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሳህን ይውሰድ፤ የተነከሰ ቺፕስ መልሶ የሚያጠልቅ ልጅ ከየትም አይጠፋም።

ገበታ ላይ 2 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ፍሪጅ የቀረው ሁለተኛው ሳህን በማግስቱ ጠዋት ናናውና ቃሪያው ተለቅሞ ጁስ መፍጫ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ውሃ ቢሆንም ግድ የለም። ቺፕሱ ለቡና ቁርስ ይሆናል።